ከመምህራን የሚጠየቅ የድጋፍ ደብዳቤ፦ ከዩኒቨርሲቲ ርቀው ለሚኖሩ ተመራቂዎች

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሞላሌ የተመለሰና በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ የያዘ ወጣት ለሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል ሲያመለክት፣ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በተለምዶ «ሪኮመንዴሽን» በሚባለው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የውጤት ማስረጃው በሬጅስትራር መዝገብ ይገኛል፤ ደብዳቤውን መጻፍ የሚችለው ግን ተማሪውን የሚያስታውስ መምህር ብቻ ነው።

ደብዳቤው ቀበሌ ወይም ወረዳ ከሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ጋር መምታታት የለበትም። የአስተዳደር ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙና በወጪ ቁጥሩ ነው። የመምህር ደብዳቤ የሚመዘነው በይዘቱ ነው። «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነበር» የሚል ግማሽ ገጽ፣ ማኅተም ቢያርፍበትም፣ ለመራጮች የሚነግራቸው ነገር እምብዛም ነው። አመልካቹ ለመመረቂያ ጽሑፉ ምን ጥያቄ እንዳነሣ፣ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰበና እርማት ሲሰጠው ምን እንዳሻሻለ የሚገልጽ ደብዳቤ ግን ከሌሎች ይለየዋል። በመሆኑም ጽሑፉን ያማከረው መምህር፣ አመልካቹን በስም ብቻ ከሚያውቅ ባለ ከፍተኛ ማዕረግ ኃላፊ ይመረጣል።

በቤተ ሙከራና በመስክ ሥራ ተማሪውን በቅርብ የሚከታተሉት ብዙ ጊዜ ረዳት ምሩቃንና ረዳት ሌክቸረሮች ናቸው። የእነርሱ ደብዳቤ ብቻውን በማዕረግ ምክንያት ክብደት ሊያጣ ስለሚችል፣ ያዩትን በጽሑፍ ለኮርሱ ዋና መምህር አቅርበው ሁለቱም ቢፈርሙበት ይሻላል። እነዚህ ባልደረቦች ለትምህርት ወደ ሌላ ተቋም የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ አድራሻቸውን ከምረቃ በፊት መያዝ ያስፈልጋል።

«ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚለው ልማድ፣ ከሥራ ብዛት የመነጨ ቢሆንም፣ አመልካቹን ይጎዳል። በአንድ እጅ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች በቋንቋቸው ይታወቃሉ። አመልካቹ ረቂቅ ከማዘጋጀት ይልቅ ኮርሱን የወሰደበትን ዓመትና ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አጭር መግለጫ፣ የሥራ ልምዱንና የሚያመለክትበትን ዘርፍ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለመምህሩ ቢልክ የመምህሩም ድካም ይቀላል። መምህሩ ካመነታ አለመጫን ይገባል፤ ሳይወድ የተጻፈ ደብዳቤ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል።

ለውጭ አገር ዕድሎች ደብዳቤው በአብዛኛው በአመልካቹ እጅ አያልፍም። ለምሳሌ የፉልብራይት የውጭ ተማሪዎች መርሐ ግብር ሦስት ደብዳቤዎች የሚጠይቅ ሲሆን፣ መምህራኑ ራሳቸው በኢንተርኔት ያስገቧቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መቅረብ አለበት፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር አመልካች ደግሞ ከዚያም ቢቀድም ይመረጣል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ካለ ያንኑ አንድ ገጽ በወረቀት መላክም አማራጭ ነው።

አመልካቹ ስሙን በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው የላቲን አጻጻፍ ለመምህሩ ማሳወቅ አለበት። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፦ በሐምሌ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ የምረቃ ቀኑ ጁላይ 22 ቀን 2023 ተብሎ መጻፉን ያረጋግጥ።