የእሳት አደጋ ጣቢያ ሙቀት፣ አየርና ውሃ

የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ጋራዥን፣ መኝታ ክፍልን፣ ማዕድ ቤትንና ቢሮን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሕንጻ በመሆኑ፣ ኃይል ቆጣቢ አድርጎ መንደፉ ከተራ የመንግሥት ሕንጻ ይልቅ ይከብዳል። በአሜሪካዋ ሲያትል መራጮች እ.ኤ.አ. በ2003 ለጣቢያዎች እድሳትና ግንባታ የሚውል የ167 ሚሊዮን ዶላር ግብር ሲያጸድቁ፣ ከተማዋ ትልልቅ ሕንጻዎቿን በአረንጓዴ መስፈርት ለመገንባት በ2000 ከገባችው ግዴታ ጋር ጉዳዩ ተያይዞ የሕዝብ ጥያቄ ሆነ።

ብርድ በሚበረታባቸው ከተሞች ሙቀት በብዛት የሚባክነው መኪኖቹ በሚቆሙበት አዳራሽ ነው። በሚነፋ ትኩስ አየር የሚሞቅ አዳራሽ፣ ጥሪ መጥቶ ግዙፉ በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱን አጥቶ እንደ አዲስ መሞቅ ይጀምራል። ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርባቸው ቧንቧዎች በኮንክሪት ወለሉ ውስጥ ሲቀበሩ ግን ሙቀቱን የሚይዘው በአብዛኛው ወለሉ ስለሆነ፣ በሩ እንደተዘጋ አዳራሹ ቶሎ ይሞቃል፤ ከመኪኖቹ የሚንጠባጠበው የበረዶ ውሃም ፈጥኖ ይደርቃል። ውሃው እጅግ መፍላት ስለማያስፈልገውም ዘዴው ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ ከሚያስገባው የሙቀት ፓምፕ ጋር ይስማማል።

ክርክሩ የሚከረው አየሩ ላይ ነው። ሙቀት ለመቆጠብ ሕንጻን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ የናፍጣ ጭስን ከሠራተኛው ጋር አብሮ መዝጋት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሥራው የሚጋለጥበትን ሁኔታ ደግሞ በ2022 ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠው ምድብ አስገብቷል። ስለዚህ በጥንቃቄ የተነደፈ ጣቢያ የተበከለውን፣ መሸጋገሪያውንና ንጹሑን ክፍል ለይቶ፣ የመኖሪያውን የአየር ግፊት ከአዳራሹ ከፍ ያደርጋል፤ መሐል ያለው በር ሲከፈትም አየር የሚነፍሰው ከንጹሑ ወደ ተበከለው ነው። በመኪናው የጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ሳቢ ቱቦ፣ መኪናው ሲወጣ በራሱ እየተላቀቀ ጭሱን ገና ሳይበተን ስለሚይዝ፣ አዳራሹን ለማናፈስ የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል። በመኖሪያው በኩል ደግሞ ወጪው አየር ሙቀቱን ለገቢው የሚያስረክብበት መሣሪያ መግጠም ይቻላል።

የቧንቧ ሥራውም ይህንኑ ክፍፍል ይከተላል፤ ጥላሸት የጠጣው ልብስ የሚታጠብበት ማሽንና ሻወሩ በመሸጋገሪያው ላይ ይቀመጣሉ፣ የሙቅ ውሃው መስመር ያጥራል፣ የአዳራሹ ፍሳሽም ወደ ከተማው መስመር ከመግባቱ በፊት ዘይትን ከውሃ በሚለይ ጉድጓድ ያልፋል።

ክፍሎቹን ሳይለይ የሙቀት ወጪን ብቻ የሚቀንስ ንድፍ ቁጠባውን ከሠራተኛው ጤና ላይ የሚወስድ በመሆኑ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም፤ ንድፉን የሚያጸድቁ የከተማ ምክር ቤቶችም ከዓመታዊው የኃይል ወጪ በፊት አየሩ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ሊጠይቁ ይገባል።