የነጋዴን መዝገብ በይለፍ ቃልና በሥልጣን ወሰን ስለ መጠበቅ

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን የተከመረው እህል ብቻ አይደለም፤ በሰው እጅ ያለው ዱቤም ሀብቱ ነው። ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው ጤፍና በቆሎ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ለማን ስንት ኩንታል እንደ ሰጠና ከማን ስንት ብር እንደሚቀረው የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል።

ቀድሞ መዝገቡ በወረቀት ተጽፎ በሣጥን ይቈለፍ ነበር፤ ቍልፉም በባለቤቱ እጅ ነበረ። ዛሬ ግን መዝገቡ በኮምፒዩተር ዳታቤዝ ሲያዝ፣ ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለገንዘብ ያዡና ለመጋዘን ጠባቂው አንድ ይለፍ ቃል ብቻ የሚሰጥባቸው የንግድ ቤቶች አሉ። እንዲህ ሲሆን በሩ ቢዘጋም ዱቤ የሰረዘው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ጥርጣሬውም በንጹሑ ሠራተኛ ላይ ጭምር ያርፋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የመግቢያ ስምና ይለፍ ቃል ሰጥቶ ሥልጣኑን በሥራው ልክ መወሰን ነው። መጋዘን ጠባቂው የገባውንና የወጣውን ኩንታል ይመዝግብ፤ የዱቤውን መዝገብ ግን አይንካ። ገንዘብ ያዡ የተከፈለውን ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ግን አይሰርዝ። ማረምና መሰረዝ ለኃላፊው ብቻ ይሁን። ሠራተኛ ሥራውን በለቀቀበት ዕለትም የመግቢያ ስሙ ይዘጋ።

በማይክሮሶፍት አክሰስ የሚሠሩ ነጋዴዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። እስከ አክሰስ 2003 በነበረው የፋይል ዐይነት ለየሠራተኛው ሥልጣን መወሰን ይቻል ነበር፤ ከአክሰስ 2007 ጋራ የመጣው አዲሱ የፋይል ዐይነት ግን ይህን አይቀበልም። ለእርሱ ያለው ፋይሉን በሙሉ የሚያመሰጥር አንድ ይለፍ ቃል ነው፤ ይህም ከውጭ ሰው ይጠብቃል እንጂ በሠራተኞች መካከል ወሰን አያበጅም። ስለዚህ ወሰን የሚሻ ነጋዴ ሰንጠረዦቹን እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ወዳለ ዳታቤዝ አዛውሮ አክሰስን ለመመዝገቢያ ቅጽ ብቻ ቢያስቀረው ይሻላል። ኤክስፕረስ የተባለው የኤስኪውኤል ሰርቨር ዐይነት ያለ ክፍያ ይገኛል።

ሕጉም ይህንኑ ወሰን ይመለከታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ይቀጣል። ነገር ግን ወሰን ባልተሰመረበት እርሻ ድንበር ገፊው አይታወቅም፤ ባለቤቱ ፈቃዱን አስቀድሞ ካልወሰነ ማን እንዳለፈ በምን ያስረዳል?

እንግዲህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ማን ምን እንዲያይና ማን ምን እንዲጽፍ በወረቀት ዘርዝሮ ይወስን። የኃላፊው ይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ በካዝና ይቀመጥ፤ የመዝገቡም ቅጂ በየጊዜው እየተወሰደ ከኮምፒዩተሩ ርቆ ይጠበቅ። ይህ ሥርዓት የባለቤቱን ገንዘብ እንደሚጠብቅ ሁሉ የታማኙንም ሠራተኛ ስም ይጠብቃል።