የአሮጌ ቤት እድሳት ለምን ይጓተታል?

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖር ወገናችን «ቤት ገዛሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የገዛው አሮጌ ቤት ነው። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት የጡብ ቤቶች አንዱን ይገዛና «ትንሽ አድሼ እገባለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ በየድግሱና በየለቅሶ ቤቱ የሚሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ኮንትራክተሩ በአራት ወር ብሎኝ ነበር፣ ይኸው ሰባተኛ ወሩን ያዘ፣ ስልክ አያነሳም፣ ገንዘቤን በላኝ። ኮንትራክተሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፤ የሰፈር ልጅ ወይም አበልጅ። በዚህ ምክንያት ሰላምታ ያቋረጡ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

እኔ ጀርመን አገር የተማርኩ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የገዛነው ቤት በ1952 (እንደ ፈረንጆቹ) የተሠራ ሲሆን ለእድሳቱ 16 ሳምንት ይዘን 27 ፈጀብን። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአፓርታማ ኪራይም የቤት ዕዳም ስንከፍል ስለነበር እያንዳንዱን የዘገየ ሳምንት ከነምክንያቱ በማስታወሻ ይዤዋለሁ። ወደዚያ ቆጠራ ከመሄዴ በፊት ግን አሮጌ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ላስረዳ።

አሮጌ ቤት ጉዱን የሚያወጣው ግድግዳው ሲከፈት ነው። የዚያ ዘመን የውሃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲቆረጥ ግን ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ የእስክሪብቶ ያህል ቀጥኗል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁለት ብቻ ነው፣ የመሬት ሽቦ የለውም። ምንጣፉ ሲነሳ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆኑ የወለል ንጣፎች ከተገኙ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል በላቦራቶሪ ሳይመረመሩ መነካት የለባቸውም። ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። እርሳስ ያለበት ቀለም አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከዚያ ዘመን በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙን የሚያፈርስ ወይም የሚፍቅ ሥራ ተከፍሎት የሚሠራ ድርጅት የተለየ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ሕፃን ያለበት ቤት ይህን በቀላሉ አይየው፤ አደጋው ከሁሉም በላይ ለልጆች አእምሮ ነው። እናቴ ግድግዳው ሁሉ ተከፍቶ ባዩ ጊዜ «ልጄ፣ ይህን ቤት የገዛኸው ለማፍረስ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ነገር የሥራ ቅደም ተከተል ነው። በእኛ ሙያ የአንድ ሥራ ጠቅላላ ጊዜ የሚለካው አንዱ ካላለቀ ሌላው በማይጀመርባቸው ሥራዎች ሰንሰለት ነው። ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ገመዱ ተዘርግቶ ኢንስፔክተሩ ሳያየው ግድግዳው አይዘጋም። ድራይዎሉ ከተመታ በኋላ መገጣጠሚያው ሁለት ሦስት ጊዜ ይለሰናል፣ በየመሐሉም መድረቅ አለበት። የኩሽናው ካቢኔት ቦታው ላይ ሳይታሰር የድንጋዩ ጠረጴዛ አይለካም፤ ከተለካ በኋላ ደግሞ ተቆርጦ እስኪመጣ ይጠበቃል። ድንጋዩ ሳይቀመጥ የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ አይገጠምም። ከዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀለበት ሲዘገይ ቤቱ ውስጥ ዝር የሚል ሠራተኛ አይታይም፣ ባለቤቱም «ትተውኝ ሄዱ» ይላል። አገር ቤት የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ግን ይህ ሊገርመው አይገባም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል፣ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ጭቃው እስኪደርቅ ሠሪውን ሰነፍ ብሎ የሚሳደብ የለም።

አሁን ወደ ማስታወሻዬ። ከዘገዩት 11 ሳምንታት ሁለቱ ለአስቤስቶስ ምርመራና ማስወገጃ ዋሉ። ሦስቱ የሄዱት ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ተሰንጥቆ በተገኘው የፍሳሽ ቧንቧና እሱ ባስከተለው የፈቃድ ማሻሻያ ነው። አራቱን የወሰደው ከተላኩት ካቢኔቶች አንዱ ተሰብሮ መምጣቱ ነው፤ አንድ ካቢኔት! በእሱ ምክንያት ድንጋዩ አልተለካ፣ ቧንቧው አልተገጠመ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ኤሌክትሪሺያኑ ሌላ ሥራ ይዞ የጠፋባቸው ናቸው። እንግዲህ በሰው ቸልተኝነት የጠፋው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እኛ ግን ቤተሰብ የምናፈርሰው በ11ዱም ነው።

ስለዚህ ውል ይጻፍ። «የእኛው ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚባለው አነጋገር ለእኔ አይገባኝም፤ ወረቀቱ ወዳጅነቱን የሚያድን ነው። በሜሪላንድ እንዲያውም ሕጉ ግዴታ ያደርገዋል። የቤት እድሳት ኮንትራክተር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ግምታዊ ቀን መያዝ አለበት፤ ቀብዱም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ መብለጥ አይችልም። ግማሹን አሁኑኑ ካልሰጣችሁኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። የቀረውን ክፍያ በቀን ሳይሆን በደረጃ እሰሩት፤ የቧንቧውና የኤሌክትሪኩ ምርመራ ሲያልፍ ይህን ያህል፣ ድራይዎሉ ሲያልቅ ይህን ያህል። ኤሌክትሪሺያኑ በጠፋ ጊዜ ለኮንትራክተሩ የሚቀጥለው ክፍያ በምርመራው ላይ የታሰረ ስለነበር እኔ መደወል አላስፈለገኝም፤ ኮንትራክተሩ ራሱ ፈልጎ አመጣው። በመሐል የሚጨመር ሥራ ሁሉ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ ይፈረምበት። ካቢኔት፣ መስኮትና በር የመሳሰሉትን ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት እዘዙ፤ ሲደርሱም ሳጥኑን ሳትከፍቱ አትፈርሙ። ከበጀታችሁ ላይ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆነውን ለማይታወቀው አስቀምጡ። ከጊዜውም እንዲሁ፤ ስለዚህ የአፓርታማችሁን ኪራይ ውል ኮንትራክተሩ በነገራችሁ ቀን አትዝጉት።

ለሥራው የወጣው ፈቃድ በመጨረሻው ምርመራ ሳይዘጋ የመጨረሻውን ቼክ አትስጡ። ብዙ ሰው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይህን ይረሳዋል። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ሲል የገዢው ወገን ያልተዘጋ ፈቃድ አግኝቶ ይጠይቀዋል፤ ያኔ ኢንስፔክተሩ የተዘጋውን ግድግዳ ክፈቱልኝ ሊል ይችላል።