ከድሩፓል 7 ወደ ድሩፓል 11፦ ጥገና ሳይሆን ጓዝ ማዛወር ነው

ድሩፓል የድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ፋይል የሚደራጅበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። 7ኛው እትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2011 ወጥቶ ልክ 14 ዓመት አገለገለ፤ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ድጋፉ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የደህንነት ጉድለት ቢገኝበት ከድሩፓል የደህንነት ቡድን ማስተካከያ አይወጣለትም።

ታዲያ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ መጫን አይበቃም ወይ? አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 8ኛው እትም ጀምሮ መሠረቱ ራሱ ተለውጧል። ስለሆነም ለ7ኛው የተሠሩ ሞጁሎችና የገጽ ንድፎች በአዲሱ ላይ አይሠሩም። ይዘቱ ግን ይዛወራል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ የመረጃ ቋቱና ፋይሎቹ ተገልብጠው ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ሞጁሎቹ ተዘርዝረው ተተኪ ያላቸውና የሌላቸው ይለያሉ። ሦስተኛ፣ አዲሱ ድረ ገጽ ከአሮጌው ጎን ባዶውን ይተከልና ይዘቱ ሚግሬት በሚባለው መሣሪያ ይዛወራል። አራተኛ፣ ሁለቱ ገጽ በገጽ ይመሳከራሉ። አሮጌው የሚዘጋው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

እኛ እጩ መምህራን ነገ በተመደብንበት ትምህርት ቤት «እናንተ ኮምፒዩተር ታውቃላችሁ» ተብለን ይህ ሥራ ሊሰጠን ይችላል። ያኔ ቶሎ ጨርሱት ቢሉንም እንኳ፣ መጀመሪያ ቅጂው የት እንዳለ እንጠይቅ። መምህራን ለዓመታት ያጠራቀሙት ማስታወሻ በችኮላ ከጠፋ፣ አዲስ እትም አይመልሰውም።