መብረቅ የመታው ሰው ምን ይመረመራል?

ጋሞ ዞን ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት በበልግ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮም ደግሞ ይዘንባል። ነጎድጓዱ በሚበረታበት በዚያ ጊዜ የዶርዜና የጨንቻ ገበሬ ማሳው ላይ፣ እረኛውም መስክ ላይ ነው። መብረቅ ሰው ሲመታ አካባቢው ቶሎ ይፈርዳል፤ የወደቀውን «አለቀለት»፣ ተነሥቶ የሄደውን «ተረፈ» ይላል። ሁለቱም ፍርድ ሊሳሳት ይችላል።

በስፍራው

መብረቅ ከመታቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ በሕይወት ይተርፋሉ። የሚሞተው በአብዛኛው ልቡና ትንፋሹ ወዲያው የቆመው ነው። ልብ በራሷ ልትነሣ ትችላለች፤ ትንፋሽ ግን ዘግይቶ ስለሚመለስ፣ አየር ያጣች ልብ ደግማ ትቆማለች። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን ለማይተነፍሰው ነው። ደረቱን ቶሎ ቶሎ መጫን፣ የሚያውቅ ካለም ትንፋሽ መስጠት ይገባል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ስለቀረ ብቻ ሞቷል አይባልም። በተመታው ሰው ገላ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት አያስፈራም። የሚያሰጋው ገና ያላለፈው ነጎድጓድ ነው።

በሐኪም ቤት

የመጀመሪያው ምርመራ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ንባብ ነው። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ጭንቅላቱ ወይም እግሩ የተቃጠለ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ይህ ምርመራ ሊቀርባቸው አይገባም። ንባቡ ከተዛባ በሽተኛው ተኝቶ ልቡን በመሣሪያ ይከታተሉታል።

የደም ምርመራ የልብና የጡንቻ ጉዳትን፣ የሽንት ምርመራ ደግሞ ኩላሊትን የሚያሰጋ የጡንቻ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል። ራሱን የሳተ ወይም የሚቃዥ ሰው ሲቲ ስካን፣ ተወርውሮ የወደቀ ራጅ ያስፈልገዋል። እርጉዝ ከሆነች የፅንሱ የልብ ምት ይታያል።

ጆሮም አይረሳም፤ የጆሮ ታምቡር መቀደድ የተለመደ ጉዳት ነው። እግር ቀዝቅዞ አልታዘዝ ቢል ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል፤ ሐኪሙ ግን የአከርካሪ ጉዳት አለመኖሩን ያረጋግጣል። ቆዳ ላይ የሚወጣው የዛፍ ቅርንጫፍ መሳይ ቀይ መስመር ቃጠሎ አይደለም፤ በአንድ ቀን ገደማ ይጠፋል።

ከወር በኋላ

የዓይን ሞራ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። መርሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የማይለቅ ሕመምም ይከተላሉ። ስለዚህ ዓይንና ጆሮ በቀጠሮ ይታያሉ።

ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። በተመታበት ዕለት በሽተኛውን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚወርድ ሰው ለሐኪሙ ሦስት ነገር ይንገር፤ የት ቆሞ ነበር? ራሱን ስቶ ነበር፣ ለምን ያህል ጊዜ? ወድቆ ምኑን መታው? መብረቅ በመሬት ውስጥም ስለሚሄድ፣ አጠገቡ የነበሩትም ሕመም ከተሰማቸው አብረው ይመርመሩ።