መድኃኒትን በበሽተኛው ልክ ስለ ማዘጋጀት፤ ከደነባ የኮሶ ስፍር እስከ ዛሬው ቀማሚ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው አንድ መድኃኒት ለልዩ ልዩ ሰዎች በየልካቸው እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ዛሬ አብዛኛው መድኃኒት መጠኑ ተወስኖና ታሽጎ ከፋብሪካ ይመጣል። በሽተኛው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሕፃን አለ፥ አቅሙ የደከመ ሽማግሌ አለ፥ እንክብል መዋጥ የማይችል አለ። ስለዚህ መድኃኒቱን ለአንድ ሰው ብቻ እንደ ገና አስተካክሎ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን ባለሙያ ቀማሚ፥ ሥራውንም ቅመማ እንለዋለን። ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ በአገራችን ሥር ያለው ነው።

ምሳሌያችንን ከደነባ እንጀምር። ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ኮሶም የደጋ ዛፍ ነው። እንደ ሌላው ደገኛ ሁሉ፥ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት ልማዱ ነበር። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳው ሳይቀየም ይመለሳል፤ የዚያን ቀን ሥራም ጨዋታም የለምና።

ቀዩ የሴቴው አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ስፍሩ እፍኝ ነው። ነገር ግን እፍኙ ለሁሉ እኩል አይደለም። አዋቂው አስቀድሞ ሰውየውን ያያል፥ ይጠይቃልም። ለጠንካራ ጎልማሳ ሙሉውን፥ ለደካማ ያነሰውን፥ ለልጅ ከዚያም ያነሰውን ይሰጣል። ጽንስ ያስወርዳል ተብሎ ስለሚፈራ ለነፍሰ ጡር ይከለክላል። ኮሶ ለማይስማማው ደግሞ እንቆቆ ወይም መተሬ አለ። እንግዲህ በሽተኛውን መርምሮ መጠኑንና ዓይነቱን መለወጥ፥ ይኸውም የቅመማ የመጀመሪያው ግማሽ፥ በዚህ ልማድ ውስጥ ይገኛል።

የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ፥ መድኃኒቱን ራሱን መለካት ነው። አዲስ የተለቀመ አበባ ኃይለኛ ነው፤ የከረመው ይደክማል። ስለዚህ ሁለት እኩል እፍኞች እኩል መድኃኒት አይይዙም። መጠኑ ሲበዛ ኮሶ መርዝ ነው፤ የዓይንን ብርሃን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ሐኪሞች መዝግበዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው ምዕተ ዓመት አበባው ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በሄደ ጊዜ በሚዛን ይለካ ጀመር። ዛፉ በሳይንስ የሚጠራበት ሀጌኒያ የተባለው ስም እንኳ የተወሰደው ሀገን ከተባለ የኬኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ዛሬ ለኮሶ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በሰውነት ክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ቀማሚ እንለፍ። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ስፓይሮኖላክቶን የተባለ መድኃኒት ታዘዘለት እንበል፤ ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም፥ በጠቅላላው 6 ሚሊግራም ወስኗል። በእጅ ያለው እንክብል ግን ባለ 25 ሚሊግራም ነው። እናቲቱ በቢላዋ ከአራት ብትከፍለው አንዱ ቁራጭ ይተልቃል፥ ሌላው ይፈረፈራል። ቀማሚው ግን 10 እንክብል ፈጭቶ፥ ተስማሚ ሽሮፕ እየጨመረ 50 ሚሊሊትር ያደርሰዋል። 250 ሚሊግራም በ50 ሚሊሊትር ውስጥ ስላለ አንዱ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ይይዛል። ለሕፃኑ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ የሚሰጠው 1.2 ሚሊሊትር ይሆናል። ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይነቀነቃል፤ አለዚያ ዱቄቱ ዘቅጦ የመጀመሪያው ቀን ጥቂት፥ የመጨረሻው ቀን ብዙ መድኃኒት ያጠጣልና።

ቀማሚው የበሽተኛውን ቤትም ማሰብ አለበት። ተሕዋስያንን የሚከላከል ነገር ያልተጨመረበት ውሃማ መድኃኒት በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ብዙውን ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆይ አይፈቀድም። ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ቤት፥ ዱቄቱን ከወተት ስኳር ጋር ቀላቅሎ፥ መዝኖና ለየአንዳንዱ ጊዜ በወረቀት ጠቅልሎ መስጠት ሊሻል ይችላል።

ይሁን እንጂ ቅመማ ወሰን አለው። ቀስ በቀስ እንዲሟሟ የተሠራ እንክብል ቢፈጭ የቀኑን መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይለቃል። ንጽሕና ከጎደለም ጥፋቱ ከባድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በአሜሪካ አንድ የቅመማ ድርጅት ያዘጋጀው መርፌ በሻጋታ ተበክሎ ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ በፋብሪካ የተዘጋጀ ተስማሚ መድኃኒት ካለ ያው ይመረጣል፤ ቅመማ የሚገባው እርሱ ሲታጣ ነው።

በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ነው፤ ዛሬ ለደነባ ቅርብ በሆነችው በደብረ ብርሃንም የዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት አለ። ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣው ሚዛኑንና ስሌቱን ይዞ ይወጣል። ከኮሶው አዋቂ ሊወርስ የሚገባውም አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከመስፈሩ በፊት ሰውየውን አይቶ መጠየቅ ነው። ሚዛን ያለ ጥያቄ፥ ጥያቄም ያለ ሚዛን፥ ለዚያ 6 ኪሎ ሕፃን አይበቃውም።