«ልቡ ጠንካራ ነው» ብላችሁ ጎልፍ ላይ ገንዘብ አታስይዙ

ትልልቆቹ የጎልፍ ውድድሮች በተቃረቡ ቁጥር ከቻናሉ ተከታዮች፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካላችሁት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል፦ «ሜዳው ከባድ ነው አሉ፤ ጫና የሚችለው ማነው? እሱ ላይ ልቁረጥ።» ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ በስልክ መወራረድ ሕጋዊ ነው፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ሲያርፍ ደግሞ ዓይን ወደ ጎልፉ ይሄዳል። መልሴ ስለሚረዝም እዚሁ ልጻፈው። የመንፈስ ጽናት የሚባለው ነገር እውነት አለ። ጎልፍ ላይ እንዲያውም ከብዙ ስፖርት ይልቅ ፈጥጦ ይታያል። ግን ውድድሩ ሳይጀመር የማን ልብ እንደሚጸና ለይቶ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው አላየሁም፤ ይኖራል ብዬም አላምንም።

መጀመሪያ ስለ ኦዱ ትንሽ ልበል። እግር ኳስ ላይ ማሸነፍ፣ መሸነፍና አቻ ነው ያለው። የአሜሪካ ኦፕን ላይ ግን 156 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንዱ 6 ኦድ ከተሰጠው አወራራጁ የማሸነፍ ዕድሉን ወደ 17 በመቶ አድርጎ ዋጋ አውጥቶለታል ማለት ነው፤ አንድን ለስድስት ማካፈል ነው። የሁሉንም እንዲህ አስልታችሁ ብትደምሩት 100 ላይ አይቆምም፤ ያልፋል። ያለፈው የቤቱ ነው። ስም በበዛ ቁጥር ያንን ትርፍ በየስሙ ላይ ጥቂት ጥቂት አድርጎ መበተን ይቀላል። በ2019 አንድ ሰው ታይገር ዉድስ ማስተርስ የተባለውን ውድድር ያሸንፋል ብሎ 85 ሺህ ዶላር አስይዞ 1.19 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ። ታሪኩ ዓለምን ዞረ። በዚያው ሳምንት ያስያዙትን ያጡት ሰዎች ግን ወሬያቸው እንኳ አልተሰማም።

አሁን ወደ ከባዱ ሜዳ። ፒትስበርግ አጠገብ ያለውን ኦክሞንትን እንውሰድ። ከመምቻው መስመር ዳር ያለው ሣር ኳሷን ይውጣታል። ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት እጅግ አጥሮ የተላጨው ሣር፣ እንደ ተወለወለ ሲሚንቶ ነው፤ ቁልቁለት ከሆነ ኳሷን ነካ አድርገዋት እንኳ ጉድጓዱን አልፋ ብዙ ሜትር ትሄዳለች። እንዲህ ዓይነት ሜዳ ላይ ቦጊ፣ ለጉድጓዱ ከተመደበው ምት (ፓር) አንድ መብለጥ፣ ማንንም አያሳፍርም። ሰውን የሚጥለው ቦጊውን ወዲያው ላስመልስ ብሎ ቀጥሎ የሚመታው የድፍረት ምት ነው።

በ2025 የአሜሪካ ኦፕን እዚያው ኦክሞንት ላይ ሲካሄድ ጄ.ጄ. ስፓውን በመጨረሻው ቀን ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጉድጓዶች አምስቱን በቦጊ ጨረሰ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ የመታት ኳስ የባንዲራውን ዘንግ መትታ ወደ ኋላ እየተንከባለለች ከግሪኑ ወጣች፤ ጥሩ መትቶ ተቀጣ። ከዚያ ዝናብ ጣለና ጨዋታው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተቋረጠ። ስፓውን ተመልሶ 17ኛው ላይ በመጀመሪያው ምት ግሪኑ ላይ ወጣ፤ 18ኛው ላይ ደግሞ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ፓት፣ ማለትም ግሪን ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት፣ አስገባ። ውድድሩን ከፓር በታች የጨረሰው እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ሁሉም ልበ ሙሉ ይለዋል፤ ይገባዋልም። ዝናቡ ባይጥልስ? ይህንን ቀድሞ አስልቶ ኦድ የሚያወጣለት ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ ግን የሮሪ ማኪልሮይን ታሪክ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። በ2011 ሚያዝያ፣ ማስተርስ በሚካሄድበት ኦገስታ ላይ የመጨረሻውን ቀን በአራት ምት እየመራ ጀመረ፤ 80 መትቶ ወደቀ። የ21 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጫና ሲመጣ ይፈታል ተባለ። ከሁለት ወር ትንሽ አልፎ ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁት ጎረቤት በሆነችው ቤተስዳ፣ ኮንግሬሽናል ክለብ ሜዳ ላይ የአሜሪካ ኦፕንን ከፓር 16 ምት በታች ጨርሶ ተከታዩን በስምንት ምት ቀደመ። በሚያዝያ ልብ የለውም ብሎ ኦዱን የናቀ ሰው ሰኔ ላይ ምን ሊል ነው?

እንደገና በ2024 የአሜሪካ ኦፕን ፓይንኸርስት ላይ አምስት ጉድጓድ ሲቀረው በሁለት ምት እየመራ ነበር። 16ኛው ላይ ከአንድ ሜትር በታች፣ 18ኛው ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ፓት ሳተና ብራይሰን ዲሻምቦ በአንድ ምት አሸነፈው። አሁንም ያው ፍርድ ተሰጠ። በዓመቱ ኦገስታ ላይ ደግሞ መውደቁንም መጽናቱንም በአንድ ቀን አሳየን። 13ኛው ላይ ቀላል የሚባል ምት ውኃ ውስጥ ከተተ። 18ኛው ላይ ውድድሩን የሚዘጋለትን አጭር ፓት ሳተ። ከዚያ ከጀስቲን ሮዝ ጋር በተደረገው መለያ፣ በዚያው 18ኛ ጉድጓድ ላይ ኳሷን ከጉድጓዱ አጠገብ አሳርፎ በበርዲ፣ ማለትም ከፓር አንድ ምት በማነስ፣ ጨረሰ። ያ ሁሉ አንድ ሰው ነው፣ አንድ ከሰዓት ነው። የትኛውን ልብ ነው የምትገዙት?

ደስቲን ጆንሰንም በ2015 ቻምበርስ ቤይ መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከአራት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ሦስት ፓት መትቶ የአሜሪካ ኦፕንን አጣ። በ2016 ኦክሞንት ላይ ዳኞች 12ኛው ጉድጓድ ላይ አግኝተውት «አምስተኛው ላይ ኳስህ ስለተንቀሳቀሰች ልትቀጣ ትችላለህ፤ ስትጨርስ እንወስናለን» የሚል መልእክት ነገሩት። ነጥቡ ስንት እንደሆነ በትክክል ሳያውቅ የቀረውን ተጫወተ፤ ቅጣቱ ተጨምሮበት እንኳ በሦስት ምት አሸነፈ።

ሌላው ደግሞ ውድቀት የሚመስለው ሁሉ የልብ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። በ2018 የአሜሪካ ኦፕን ሺነኮክ ሂልስ ላይ ሲካሄድ ጆንሰን በአራት ምት እየመራ ቅዳሜ ገባና 77 መታ። የዚያን ቀን በጠዋት የወጡት ዳንኤል በርገርና ቶኒ ፊናው 66 መትተው፣ ከ11 ምት ኋላ ተነስተው እኩል መሪ ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ግሪኑ ደርቆ ነበር፤ አዘጋጁ ማኅበርም የአንዳንዱ ጉድጓድ ሁኔታ ከልክ እንዳለፈ አመነ። ጠዋት የተጫወተና ከሰዓት የተጫወተ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ ማለት ይከብዳል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ግን «መሪው ፈራ» ብሎ ይዘግባል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ተወራራጅም ያንን ይዞ ይቆርጣል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ጥናቶችም ፍርሃት ማንንም እንደማይምር ነው የሚያሳዩት። ተመራማሪዋ ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ ልምድ ያላቸው ጎልፈኞች የገዛ እጃቸውን እንቅስቃሴ እንዲከታተሉ ሲደረግ፣ ሌላ ድምፅ እያዳመጡ ከሚመቱት የባሰ ይስታሉ። እጅ የለመደውን ነገር አእምሮ ገብቶ ላስተካክል ሲል ይበላሻል። ዴቪን ፖፕና ሞሪስ ሽዋይትዘር ደግሞ በ2011 ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ፓት መርምረው፣ ተጫዋቾች ቦጊን ለማምለጥ የሚመቱትን ፓት በርዲ ለማግኘት ከሚመቱት ተመሳሳይ ፓት በሁለት በመቶ ገደማ በተሻለ ያስገባሉ አሉ። ምት ምት ነው፤ ሁለቱም እኩል ይቆጠራሉ። ግን ማጣት ከማግኘት በላይ ያምማል። ታይገር ዉድስም ከዚህ አላመለጠም።

ያ ሕመም በስልክ ለምትወራረዱትም ይሠራል። ሐሙስ የቆረጣችሁት ተጫዋች ዓርብ ማታ ማጣሪያውን ሳያልፍ ሲቀር፣ ቅዳሜ ላይቭ ገብታችሁ ያጣችሁትን ለማስመለስ የምታስይዙት ገንዘብ፣ ያው ተጫዋቹ ከዳር ሣር ውስጥ ሆኖ ግሪኑን ለመድረስ የሚመታው የድፍረት ምት ነው። እሱ ቢያንስ አጠገቡ «ወደ ሜዳው መልሳትና አንድ ምት ተቀበል» የሚለው ረዳት አለው። እናንተ ሌሊት ብቻችሁን ናችሁ፤ በእጃችሁ ያለው መተግበሪያም አንዴ እንኳ ተው አይላችሁም።

ጉዳቱ ተጫዋቹም ላይ ይደርሳል። በ2023 ቺካጎ አጠገብ ማክስ ሆማ ፓት ሲመታ አንድ ተመልካች መሃል ላይ ጮኸበት፤ ምክንያቱ የ3 ዶላር ውርርድ ነበር። ሆማ አስገባው። ቢስተው ኖሮ ግን በስታቲስቲክሱ ላይ የሚጻፈው «ሳተ» ብቻ ነው፤ እኛም ጫና አይችልም እንል ነበር።

እና ለጠየቃችሁኝ፦ ስም አልሰጥም። ሜዳውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሐሙስና የዓርብን የጠዋትና የከሰዓት ነፋስ እዩ፤ ማን በአንደኛው ምቱ ሣር ውስጥ ገብቶ በሁለተኛው ወደ መስመሩ እንደሚመልስ እዩ፤ ቦጊ መትቶ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሲሄድ አረማመዱ እንዴት እንደሆነ እዩ። ይህ ሁሉ ጨዋታውን እንድትወዱት ያደርጋል፤ አወራራጁን ግን አያስከነዳም፤ የምታዩትን እሱም አይቶ ኦዱ ውስጥ አስገብቶታል። አልተውም ካላችሁ ብታጡት የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የምትልኩትን የማይነካ ገንዘብ ረቡዕ ማታ ወስኑ፤ ሐሙስ ጠዋት ከጨዋታው በፊት ቁረጡና ላይቭ የሚለውን ክፍል እስከ እሁድ ማታ አትክፈቱት።